ቀራጺው የሳለው ተራራና የሮዝቪሉ ጥርስ ሐኪም

የአንድን ሰው ኑሮ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደመወዙን አትጠይቁት። አይነግራችሁም። ግድግዳውን እዩ። እኛ ሚኒሶታ የምንኖር ሰዎች ከራሳችን ይልቅ ግድግዳችን ይናገራል። ገና የመጣ ሰው አፓርትመንት ስትገቡ ባዶ ቦታ አታገኙም፤ በአንድ በኩል ቅዱሳኑ፣ በሌላ በኩል ጋውን የለበሱ ልጆች (እዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰ ልጅም ጋውን ይለብሳል)፣ መሀል ላይ ደግሞ አንሶላ የሚያክል ቴሌቪዥን። ሰውየው ሥራ ሲያገኝ ሶፋ ይቀይራል። ሁለተኛ ሥራ ሲጨምር ሶፋው ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ ያጣል። ከዚያ አንድ ቀን የራሱን ድርጅት ይከፍትና ሀብታሞቹ ሰፈር ፕሊማውዝ ይገባል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው በድንገት ዝም ይላል። ቅዱሳኑ ወደ መኝታ ቤት ይዛወራሉ፣ ጋውኖቹ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፣ ሳሎኑ ነጭ ይሆናል። በነጩ መሀል አንዲት ትንሽ ነገር ትሰቀላለች። ባነሰች ቁጥር ውድ ናት ማለት ነው።

ይህን ትምህርት የተማርኩት በካልሲ ቆሜ ነው።

ጎረቤቴ እታገኝ ትባላለች። ብሩክሊን ሴንተር ውስጥ በአንድ ኮሪደር በር ለበር ብዙ ዓመት ኖረናል። ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች ይባላል፤ እኔ ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ናትናኤል የሚባል አንድ ልጅ አላት። አባቱ ማን እንደሆነ እሷ ተናግራ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ጉርብትናችን የሰነበተው በዚህ ነው። ናቲ አደገ፣ ነርስ ሆነ፣ ሳሮን የምትባል ልጅ ወደደ። ሳሮን ጨዋ ልጅ ናት። አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ የአቶ ጌታሁን ልጅ ናት።

አቶ ጌታሁን ሆም ኬር፣ በሽተኛና አረጋዊ በየቤቱ የሚያስታምም ድርጅት፣ ከፍቶ የከበረ ሰው ነው። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ ዕድሜያችን እኩል ነውና አፌ እምቢ አለኝ። እሱም እንደ ሁላችን መኪና ማቆሚያ ጠብቆ ነው የጀመረው፤ ይህን ግን ከእሱ አትሰሙም። ከእሱ የምትሰሙት አያቱ ግራዝማች እንደነበሩ ነው። እዚህ ከተማ አያቱ ግራዝማች ወይም ቀኛዝማች ያልነበሩ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ያን ጊዜ መሬቱን ማን ያርስ እንደነበር እንጃ።

እናም ሰውየው ዘር ይጠይቃል። ለሳሮን ቀደም ብሎ የመጣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነበር አሉ፤ የአያቱን አባት ስም ሲጠየቅ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ዘንድ ሲደውል፣ እናቱ ሺፍት ላይ ሆና ሳታነሳ ቀረች። ልጁም በዚያው ቀረ።

እታገኝ ሽማግሌ ስትመርጥ አስባበት ነው። ቀሲስ ኃይሉን ለክብር፣ ጋሽ ወልዴን ለዕድሜ፣ እኔን ለዝምታ። ዝም የሚል ሽማግሌ ብዙ የሚያውቅ ይመስላል፤ ይህን ስም ያለ ድካም ነው ያገኘሁት። ልንሄድ ስንል ኮሪደሩ ላይ አቆመችን።

«ስለ አባቱ ከጠየቁ ውሸት እንዳትናገሩብኝ።»

«ታዲያ ምን እንበል?» አለ ጋሽ ወልዴ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ!»

ናቲ በመኪናው ወሰደን። መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እምቢ ቢሉስ?» አለኝ። «መንገድህን እይ» አልኩት። ፕሊማውዝ ስንደርስ እንዳይታይ ከአቶ ጌታሁን ቤት ማዶ መኪናውን አቁሞ ቀረ፤ አማች ለመሆን የሚጠብቅ ሰው እንኳ ሞተር አጥፍቶ የማይቀመጥበት ብርድ ስለነበር ሞተሩን አላጠፋም።

በሩ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ገጠመን። ጫማ።

ሽማግሌ እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ኮስተር ብሎ ይገባል፤ ተቀመጡ ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ክብሩ ያለው መቆሙ ላይ ነው። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ግን ጫማ እንዳደረጉ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። እዚህ በረዶ አለ፤ የአቶ ጌታሁን ምንጣፍ ደግሞ ነጭ ነው። ስለዚህ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በካልሲ ተደርድረን ቆምን። የጋሽ ወልዴ የቀኝ እግር አውራ ጣት ካልሲውን ቀዶ ወጥቶ ሳሎኑን ይጎበኛል።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች የሳሮን እናት ወይዘሮ ሙሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቀሲስ።

«ሰምተናል እኮ! ሳሮን ነግራናለች።»

«እሱማ ልክ ነው። ግን ደንብ ነው፣ እኛ ሳንነግራችሁ አልሰማችሁም።»

ቀሲስ ነገሩን አሳምረው አቀረቡት። ልጅዎን ለልጃችን አሉ፣ የልጁን ትምህርት አነሱ፣ ጠባዩን አነሱ፣ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ትንሽ አበዙት። አቶ ጌታሁን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«የልጁ አባት ማን ይባላሉ?»

ቀሲስን ሳል ያዛቸው። ጋሽ ወልዴ አጎንብሶ የእግሩን ጣት ማየት ጀመረ። እኔ ዝም አልኩ፤ የመጣሁበት ሥራዬ ነው። ደረጃው ላይ አንድ ጣውላ ሲጢጥ አለ። ሳሮን ላይ ሆና እያዳመጠች ነበር።

ቁጭ ብለን ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሻይ ይመጣል፣ እንጠጣለን፣ «እናስብበታለን» ይባላል፣ ጫማችንን አድርገን እንወጣለን። እኛ ግን ቆመናል። የቆመ ሰው ደግሞ ሊጎበኝ ይችላል።

«ካልተቀመጣችሁማ» አለ አቶ ጌታሁን፣ «እንደቆማችሁ አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

ወደ ነጩ ግድግዳ ወሰደን። ያቺ ትንሽ ነገር እዚያ ነበረች፤ ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ፣ በብዕርና በቡናማ ቀለም የተሳለበት ወረቀት። አንድ ተራራ አለ፣ ከሥሩ ቋጥኝ፣ ዳር ላይ ያዘነበለ ዛፍ፣ ታች ሩቅ ደግሞ ወንዝ ሊሆን የሚችል አንድ መስመር። የቀረው ባዶ ነው። ከላይ ለብቻዋ የተሠራችላት መብራት ነበረች። ቅዱሳኑ እንኳ እንዲህ ያለ መብራት አልነበራቸውም።

«ይህን የሳለው ሠዓሊ አይደለም» አለ አቶ ጌታሁን። «ቀራጺ ነው። ጣሊያን አገር፣ ያ ሁሉ ሐውልት በሚሠራበት በጥንቱ ዘመን የነበረ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ አንድ ቀን ብዕር አነሳና ተራራ ሳለ። ማንም ሳያዝዘው። ለራሱ።»

«ቀለም አልቆበት ነው?» አለ ጋሽ ወልዴ።

«አላለቀበትም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ባዶ ቦታ ምንድነው?»

«አየር ነው።»

ጋሽ ወልዴ አየሩን በአክብሮት ተመለከተ።

«ኦሪጂናል ነው» አለ አቶ ጌታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተራራው እንዳይሰማ። «ሰርተፍኬት አለው። ከቀራጺው እጅ ማን እንደወሰደው፣ ከዚያ ለማን እንዳለፈ፣ እኔ ጋ እስኪደርስ ድረስ ትውልዱ ተቆጥሮ ተጽፏል። እኔ እንግዲህ እንዲህ ነኝ። አባቱን የማላውቀውን ወረቀት እንኳ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም። ልጄን ደግሞ…»

አልጨረሰውም። እንደ ቀራጺው ባዶ ቦታ ተወለት። እኛም አየሩን አየነው።

አሁን የእኔን ጭንቀት ልንገራችሁ። ያን ተራራ አውቀዋለሁ። ያውም በሁለት በኩል።

ልጅ ሆኜ የድንጋይ ካባ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። ድንጋዩ ይከብድ ነበር፣ ምሳው ይቀል ነበር፤ ይህ ይበቃል። ጋሽ ደምሴ የሚባል ጠራቢ ነበር። እኛ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ስንሻማ እሱ ፀሐይ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፊት ይቀመጥና፣ ማዶ ያለውን ተራራ በምስማር ይጭረው ነበር። አጫጫሩ የመሮ ምት ነው፤ አጭር አጭር፣ ጎን ለጎን፣ ጥላው ሲበረታ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርሃኑ ሲመጣ የሳሳ። በአቶ ጌታሁን ግድግዳ ላይ ያየሁት ያንኑ ዓይነት እጅ ነው። ድንጋይ ሲጠርብ የሚውል ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ለምን ተራራ እንደሚስል አስቤ አውቃለሁ። ሰው ይጠረባል፣ አንበሳም ይጠረባል፤ ርቀት ግን አይጠረብም። ጠራቢውን የሚያምረው ያ የማይጠረበው ሳይሆን አይቀርም። ጋሽ ደምሴ ከምሳ በኋላ ያንኑ ድንጋይ ለአራት ይከፍለዋል። ለቤት መሠረት ነበር የሚፈለገው። ሰርተፍኬት አልነበረውም።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪው መጥቶ የአባቴን ስም ጠየቀኝ። አልነበረኝም። «ደምሴ» አልኩ፤ ሌላ ስም በአፌ አልመጣልኝም። ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰማ። መዶሻውን አነሳና ሥራውን ቀጠለ። ይኸው እስከ ዛሬ ደምሴ ነኝ።

በሁለተኛው በኩል ተራራውን የማውቀው በጥርሴ ነው። ሮዝቪል አንድ ጥርስ ሐኪም አለኝ፤ ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ «ሚስተር ደምሴ» ብላ ትጠራኛለች። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ በላይ ይኸው ተራራ፣ ይኸው ያዘነበለ ዛፍ፣ ይኸው አየር ተሰቅሏል። ልዩነቱ ፍሬሙ ላይ ነው፤ የታችኛውን ግራ ጥግ አንድ ልጅ ነክሶታል፣ የጥርሱ ምልክት እንጨቱ ላይ ቀርቷል። የጥርስ ሐኪም ቤት እንደመሆኑ መጠን ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። የዚያ ሐኪም ጸሐፊ ስለ ጥንታዊ ጣሊያን ምንም ነግራኝ አታውቅም። ስለ ኢንሹራንሴ ብቻ ነው የምታወራው።

ጋሽ ወልዴን እዚያ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሱን እስኪያስገባ ድረስ ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ አፉን በመሐረብ ይዞ፣ ሌላ የሚያየው ስላልነበረው ያን ተራራ ሲያይ ከርሟል። ተስፋዬ አንድ ነበር። ጋሽ ወልዴ ያለ መነጽር አያይም።

ጋሽ ወልዴ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

በክርኔ ነካ አደረግሁት። «ቆይ» አለኝ። መነጽሩን በክራቫቱ ጠረገው፣ አደረገው፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ የጠፋ ዘመድ ያገኘ ነበር የሚመስለው።

«ውይ! ይቺማ የሮዝቪሏ ናት! የጥርስ ሐኪማችን ጋ ያለችው! ሽፈራው፣ አላወቅሃትም እንዴ?»

ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው፤ እኔ ባለሙያ ነኝና እመኑኝ። ያንን ዓይነት ግን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ወይዘሮ ሙሉ ባሏን አየችው። ቀሲስ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ለምን እንዳወጡት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። አቶ ጌታሁን ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ መጣ። ግራዝማቹ፣ ሆም ኬሩ፣ ነጩ ምንጣፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪና ማቆሚያው ዳስ ውስጥ ተመልሶ የገባ መሰለኝ። ቀጥሎ የሚሆነውንም አየሁት። ሰው ሲዋረድ ያየውን እንግዳ አማቴ ብሎ አይጠራም። በሩን ይከፍትለታል። ናቲ ውጭ መኪና ውስጥ ነው፤ እታገኝ ቤቷ ሆና ስልኳን ይዛለች።

«ያ ኮፒ ነው» አልኩ።

በዚያ ቤት የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ውሸት እንዳትናገሩብኝ ብላን ነበር፤ ውሸት አልተናገርኩም። የጥርስ ሐኪሙ ጋ ያለው ኮፒ ነው። ይሄኛው ምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

አቶ ጌታሁን ዞሮ አየኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። እንዳወቅሁ አወቀ፣ እንዳወቀ አወቅሁ።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ብዙ ኮፒ አለው። ታዋቂ ሥራ ስለሆነ።»

«አይ፣ የነሱ እኮ እንዲያውም…» ብሎ ጋሽ ወልዴ ሊቀጥል ሲል ከካልሲው የወጣውን ጣቱን ረገጥኩት። ጫማ ማውለቅ ጥቅም እንዳለው ያኔ ነው የገባኝ።

ወይዘሮ ሙሉ ነገር የማትረሳ ሴት ናት። «ጌታሁን፣ የልጁን አባት እኮ አልነገሩንም» አለች።

«ምን ያደርግልሻል?» አለ። «ልጁን አውቀዋለሁ። እናቱን አውቃታለሁ፤ ሠርታ ያሳደገች ሴት ናት። ምን ቀረ? ሰውን በካልሲ አቁሞ ማድረቅ ምን የሚሉት ነው?» ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። «ቁጭ በሉ።»

ደንቡ ቢጠበቅ ኖሮ ቀጠሮ ይሰጠን ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንመላለሳለን፣ አጎት ይጠራል፣ አጎት ይኮራል። አንዳችንም ደንቡን አላስታወስነውም። ተቀመጥን። ሶፋው እስከ ወገባችን ዋጠን።

ከላይ «ኦ ማይ ጋድ!» የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አንዴ አይደለም፣ እንደ ሠርግ አጃቢ ደጋግሞ። ፕሊማውዝ ውስጥ ጥሩምባ አይነፋም። የማዶው ጎረቤት መጋረጃውን ገልጦ ሲያይ በመስኮቱ አየሁት።

ስንመለስ ጋሽ ወልዴ ከኋላ ወንበር ጠጋ አለና «ግን እኮ ያችው ናት» አለኝ።

«ያችው ናት።»

«ታዲያ ለምንድነው…»

«ወልዴ» አሉ ቀሲስ፣ «ተወው፣ ልጁ እየነዳ ነው።»

ሠርጉ ተደረገ። ስለ ሠርጉ አልነግራችሁም፤ የሐበሻ ሠርግ ታውቃላችሁ፣ ጥሪው ላይ የተጻፈው ሰዓት ለጌጥ ነበር። አቶ ጌታሁን ንግግር አደረገና እታገኝን አጠገቡ አቁሞ «እህቴ» አላት። ስለ ግራዝማቹም ተናገረ። እንዲያውም በዚያ ምሽት ቀኛዝማች ሆነዋል፤ ሹመቱ መቼ እንደደረሳቸው አልሰማሁም። ማንም አላረመውም። እኔም በተዋስኩት የአባት ስም ፓስፖርት ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ የሰው አያት አንድ ማዕረግ ቢያድግ ምን አገባኝ?

በጋ ላይ መንጋጋዬን አመመኝና ሮዝቪል ሄድኩ። ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ በላይ ተራራው የለም። በቦታው የሚስቅ ጥርስ የተሳለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።

«ሥዕሉ የት ሄደ?» አልኳት።

«አንድ ሱፍ የለበሱ ጨዋ ሰው ካልሸጣችሁልኝ አሉ» አለች። «ጥርሳቸውን እንኳ አልታዩም። ያገርህ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ሚስተር ደምሴ።»

አፌን ከፈትኩ፣ ሐኪሙ ገባበት። በጥሩ ጊዜ ነው የገባው።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሁድ ናቲና ሳሮን አዲሱ አፓርትመንታቸው ጠሩን። ቀሲስ ባረኩ፣ በላን፣ ጠጣን። ግድግዳው የጀማሪ ግድግዳ ነው፤ ቅዱሳኑ አሉ፣ የናቲ ጋውን አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ። ከቴሌቪዥኑ በላይ ተራራው አለ።

«አባዬ ነው የሰጠን» አለች ሳሮን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ኦሪጂናሉን እኮ ነው የሰጠን፣ ጋሼ። እሱ ጋ ሳሎን ያለው አሁን ኮፒው ነው። ‹ለእኔ ኮፒው ይበቃኛል› አለኝ።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። መስታወቱ ተወልውሏል፣ እንጨቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። የታችኛው ግራ ጥግ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ የአንድ ልጅ ጥርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ቆንጆ ነው» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መነጽሩን አወጣ። ሳሮንን አየ፣ እኔን አየ፣ ተራራውን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ አየ። ከዚያ መነጽሩን ሳያደርገው መልሶ ኪሱ ከተተው።

«አየሩ» አለ፣ «በጣም ጥሩ ነው።»

ጋሽ ወልዴ ሽማግሌ የሆነው ያን ቀን ነው።